ኡቡንቱ ላይ የውጭ ሪፖዚተሪ ስለመጨመር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ኡቡንቱ፣ ሊነክስ ሚንት ወይም ዴቢያን ለሚጠቀሙ የድሬዳዋና የሐረር ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ማሽኑ የቤት ላፕቶፕ ይሁን፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ዴስክቶፕ ይሁን፣ የትምህርት ቤት ላብ ይሁን፣ ነገሩ አንድ ነው። ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን በሚነበቡበት ድምፅ በራሳችን ፊደል ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናል ላይ ግን የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የውጭ ሪፖዚተሪ የሚባለው የትኛው ነው?

ሪፖዚተሪ ሲስተሙ ፕሮግራሞችን (ፓኬጆችን) የሚያወርድበት ማከማቻ ነው፤ አውርዶ የሚጭነው መሣሪያ አፕት ይባላል። ኡቡንቱ ሲጫን አብረውት የሚመጡት ሜይን፣ ሪስትሪክትድ፣ ዩኒቨርስና መልቲቨርስ የሚባሉት አራት ክፍሎች ናቸው። ከእነዚህ ውጪ ያለው ሁሉ የውጭ ነው፦ ላውንችፓድ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ሰዎች የሚከፍቱት የግል ሪፖዚተሪ (ፒፒኤ)፣ ዶከር፣ ጉግል ክሮምና ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በየራሳቸው ያላቸው ሪፖዚተሪ፣ አንድ ግለሰብ በራሱ ሰርቨር ላይ የከፈተውም ጭምር። ላውንችፓድ የኡቡንቱ ሠሪ ድርጅት የካኖኒካል ስለሆነ ብዙ ሰው ፒፒኤን የኡቡንቱ አካል አድርጎ ያየዋል። ካኖኒካል ግን ቦታውን ይሰጣል እንጂ የገባውን አይመረምርም። የላውንችፓድ አካውንት ያለውና የኡቡንቱን የሥነ ምግባር ደንብ የፈረመ ማንም ሰው ፒፒኤ ይከፍታል።

«እኔ ምንም አልጨመርኩም» የሚሉም ቢሆን አንዴ ይመልከቱ። የክሮምን ዴብ ፋይል (የፓኬጁን መጫኛ) አውርደው ከጫኑ፣ ፕሮግራሙ ሪፖዚተሪውንና ፊርማው የሚረጋገጥበትን ቁልፍ ራሱ አስገብቷል። ለማየት በኢቲሲ፣ ከዚያም በአፕት ሥር ያለውን «ሶርስስ ነጥብ ሊስት ነጥብ ዲ» የሚባል ፎልደር ይክፈቱ። በኡቡንቱ 24.04 «ኡቡንቱ ነጥብ ሶርስስ» የሚለው የሲስተሙ የራሱ ፋይል ነው፤ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ በኋላ የገባ ነው።

አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው የፈለግሁት። አደጋው ምኑ ላይ ነው?

ፈቃዱ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ስላልሆነ ነው። ማንኛውም ፓኬጅ ሲጫንና ሲወገድ የሚሮጡ ስክሪፕቶች ሊይዝ ይችላል፤ «ፖስትኢንስት» የሚባለው የተለመደው ነው። የሚሮጡትም በሩት፣ ማለትም ሁሉን ማድረግ በሚችል የሲስተም አስተዳዳሪ፣ ሥልጣን ነው። ስለዚህ የሪፖዚተሪው ባለቤት ዛሬም ሆነ ከስድስት ወር በኋላ ፓኬጆቹን ሲያሻሽሉ ማሽኑ ላይ የፈለገውን ማድረግ ይችላል። እሱ ታማኝ ሰው ቢሆን እንኳ ቁልፉ ከተሰረቀ ሥልጣኑ ወደ ሌባው ይዞራል።

ሁለተኛው አደጋ ከፓኬጅ ስም ጋር ይያያዛል። የቪዲዮ ማጫወቻ ለማግኘት ያስገቡት ሪፖዚተሪ ቪዲዮ ማጫወቻ ብቻ እንዲያቀርብ የሚያስገድደው ነገር የለም። «ኦፕን ኤስኤስኤል» በሚል ስም ከኡቡንቱው የሚበልጥ ቁጥር ያለው ፓኬጅ ቢያስቀምጥ አፕት እሱን ይመርጣል። አፕት ካልተነገረው በቀር ሁሉንም በእኩል ቅድሚያ፣ በ500፣ ነው የሚያያቸው፤ በእኩል ቅድሚያ ደግሞ ትልቁ ቁጥር ያሸንፋል።

እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ብልሽት ከተንኮል አይመጣም። የፒፒኤው ባለቤት ለራሱ ፕሮግራም እንዲመቸው አዲስ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ኮድ) አብሮ ያስቀምጣል። ላይብረሪው የሲስተሙን ይተካል። በማግሥቱ ሊብሬኦፊስ አልከፈት ይላል፣ ወይም ፕሪንተሩ ዝም ይላል፤ በፈተና ሰሞን ደንበኛ በር ላይ ተሰልፎ ሳለ። ማንም ክፉ አላሰበም፣ ሥራው ግን ቆሟል።

ፊርማ አለው እኮ! ፊርማው አይበቃም?

ፊርማው አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፦ ፋይሉ ከዚህ ቁልፍ ባለቤት መጥቷል፣ በመንገድ ላይም አልተነካም። ውስጡ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለውን አይናገርም።

አሠራሩ ሰንሰለት ነው። ሪፖዚተሪው «ኢንሪሊዝ» የሚባል ፋይል አለው፤ የሚፈረመው እሱ ነው። እሱ ውስጥ «ፓኬጅስ» የሚባሉት ዝርዝሮች የሻ256 ቁጥር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) ተጽፏል፤ በዝርዝሮቹ ውስጥ ደግሞ የእያንዳንዱ ዴብ ፋይል የሻ256 ቁጥር አለ። አፕት ከላይ እስከ ታች እየተከተለ ያረጋግጣል። ብዙ የኡቡንቱ ሰርቨሮች በተራ ኤችቲቲፒ የሚያወርዱት ለዚህ ነው፤ መሃል መንገድ ላይ አንድ ፊደል ቢለወጥ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ከታች ያለው ዴብ ፋይል ግን በራሱ ፊርማ እንደሌለው ልብ ይበሉ። ስለ ፍላሽ ስንናገር እንመለስበታለን።

ፊርማ ምን ያህል እንደማይበቃ በማርች 2024 ኤክስዜድ የተባለው የፋይል መጭመቂያ ጉዳይ አሳይቷል። በኤክስዜድ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የኋላ በር (ሰርጎ መግቢያ ኮድ) ተደብቆ ነበር። ፓኬጁ በትክክለኛ ፊርማ ቴስቲንግና አንስቴብል በሚባሉት የዴቢያን የሙከራ ክፍሎች ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ወደ ተረጋጋው ክፍል፣ ወደ ስቴብል፣ አልደረሰም። የተገኘውም አንድረስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ማሽን መግቢያ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ስላልተዋጠለት ነው። ብዙ ዓይን የሚያየው ቦታ ላይ ይህ ከሆነ፣ አንድ ሰው ብቻውን የያዘውን ፒፒኤ ማን እንደሚያየው ያስቡት።

ከመጨመሬ በፊት ምን ላጣራ?

መጀመሪያ፣ ጨርሶ ያስፈልግዎታል ወይ? «አፕት ፖሊሲ» ብለው የፓኬጁን ስም ያስከትሉ። ኡቡንቱ ራሱ ካለው፣ የአንድ ዓመት ያረጀ ቢሆንም፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ይሻላል። ዶከር ለመማር ብቻ የሚፈልግ ተማሪ በዩኒቨርስ ውስጥ ያለው «ዶከር ነጥብ አይኦ» ይበቃዋል።

በእኛ አካባቢ ያለ ምክንያት ሪፖዚተሪ ከሚጨመርባቸው ነገሮች አንዱ የአማርኛ መጻፊያ ነው። አያስፈልግም። «አይባስ-ኤም17ኤን» የሚባለው ፓኬጅ የአማርኛ መጻፊያ ይዞ ይመጣል፤ «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» የሚለው ደግሞ ጥሩ የግእዝ ፎንት ይሰጣል። ሁለቱም ኡቡንቱ ውስጥ አሉ። ኪማን የተባለውን መጻፊያ የለመዱም ከዚያው ያገኙታል፤ የኪማን ፒፒኤ የሚያስፈልገው የመጨረሻውን ስሪት ለሚፈልግ ብቻ ነው።

የውጭው ግድ ከሆነ፦ አድራሻውን ከቴሌግራም ቻናል ወይም ከቪዲዮ መግለጫ ሳይሆን ከሠሪው ድርጅት ገጽ ይውሰዱ። ለእርስዎ የኡቡንቱ ስሪት የተዘጋጀ መሆኑን ይዩ። መጨረሻ የታደሰው መቼ ነው? ሁለት ዓመት ያልተነካ ፒፒኤ ውስጥ ያለ ፕሮግራም የደኅንነት ጥገና ሳያገኝ ሁለት ዓመት ቆይቷል ማለት ነው።

በትክክል የሚጨመረው እንዴት ነው?

የዶከርን ሪፖዚተሪ ኡቡንቱ 24.04 ላይ ስንጨምር እንይ። የሌሎቹም አካሄድ ያው ነው።

ቁልፉን መጀመሪያ ወደ ራስዎ ፎልደር ያውርዱ፤ ገና ወደ ሲስተሙ አያስገቡት። ከዚያ «ጂፒጂ ሁለት ጭረት ሾው-ኪስ» ብለው የፋይሉን ስም ይስጡ። 40 ፊደልና ቁጥር ያለው ረጅም መለያ ይወጣል። ይህንን የቁልፉ ባለቤት በሌላ ገጹ ላይ ካሳተመው ጋር ያወዳድሩ፣ የመጨረሻዎቹን 8 ብቻ ሳይሆን ሁሉንም፤ 8ቱን አስመስሎ ቁልፍ መሥራት ቀላል ነው።

ከተስማማ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) በኢቲሲ፣ በአፕት ሥር ወዳለው «ኪሪንግስ» ፎልደር ይቅዱት። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። ፋይሉን በጽሑፍ አንባቢ ሲከፍቱ የመጀመሪያው መስመር ላይ የፒጂፒ ቁልፍ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ካለ ስሙ «ነጥብ ኤኤስሲ» ብሎ ማለቅ አለበት፤ የማይነበብ ከሆነ «ነጥብ ጂፒጂ»። ከተቀያየሩ አፕት ቁልፉን ሊጥለውና «ቁልፍ የለም» ሊልዎ ይችላል፣ ፋይሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ። ሁለተኛው የፈቃድ ነገር ነው፦ አፕት የሚያወርደው «የታች ሰረዝ አፕት» በሚባል ዝቅተኛ ተጠቃሚ ስም ስለሆነ ቁልፉን ሁሉም ማንበብ መቻል አለበት። «ሲኤችሞድ 644» ይበቃል።

ቀጥሎ «ሶርስስ ነጥብ ሊስት ነጥብ ዲ» ውስጥ «ዶከር ነጥብ ሶርስስ» የሚል ፋይል ፈጥረው እነዚህን መስመሮች ይጻፉ፦

ታይፕስ፦ ዴብ
ዩአርአይስ፦ የዶከር ሙሉ አድራሻ
ስዊትስ፦ ኖብል
ኮምፖነንትስ፦ ስቴብል
አርኪቴክቸርስ፦ ኤኤምዲ64
ሳይንድ-ባይ፦ የቁልፉ ፋይል ሙሉ መንገድ

ኖብል የ24.04 መጠሪያ ስም ነው፤ ለ22.04 ጃሚ ይባላል። ዋናው መስመር የመጨረሻው ነው። ሳይንድ-ባይ ይህ ቁልፍ ለዚህ ሪፖዚተሪ ብቻ እንዲያገለግል ያስራል። አርኪቴክቸርስ የሚለው ከሌለ፣ 32 ቢት የተከፈተበት ማሽን ላይ «ይህን ሪፖዚተሪ ለአይ386 ዘልዬዋለሁ» የሚል ማሳሰቢያ ይመጣል፤ ጉዳት የለውም፣ ያታክታል እንጂ።

ፒፒኤ ከሆነ «አድ-አፕት-ሪፖዚተሪ» ይህን ሁሉ ራሱ ያደርግልዎታል።

ያገኘሁት መመሪያ «አፕት-ኪ አድ» አድርግ ይላል። ልከተለው?

አይከተሉት፤ መመሪያው አርጅቷል። በአፕት-ኪ የገባ ቁልፍ ለሁሉም ሪፖዚተሪ ይታመናል። ይኸውም የቪዲዮ ማጫወቻው ባለቤት ቁልፍ የኡቡንቱን ፓኬጆች ጭምር ሊፈርም ይችላል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ትእዛዙ ከዓመታት በፊት ተተወ፤ በዴቢያን 13 ውስጥ ባለው አፕት 3.0 ጨርሶ ወጥቷል። ቁልፉን «ትረስትድ ነጥብ ጂፒጂ ነጥብ ዲ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ መጣልም ያው ነው፤ ትእዛዙ ተለየ እንጂ እምነቱ ለሁሉም ነው።

ስክሪፕት በ«ከርል» አውርዶ በቀጥታ ወደ «ሱዶ ባሽ» የሚያስገባ (ሳይነበብ በሩት የሚያስኬድ) መስመር ከሆነም ስክሪፕቱን መጀመሪያ ወደ ፋይል ያውርዱ፣ ያንብቡ፣ ከዚያ ያስኪዱ። ሁሉንም መስመር መረዳት ግድ አይደለም፤ የትኛውን አድራሻና የትኛውን ቁልፍ እንደሚያስገባ ማየት በቂ ነው። «ትረስትድ እኩል ይሆናል የስ» ወይም «አላው-አንኦተንቲኬትድ» የሚል ካገኙ እዚያው ይተዉት። እነዚህ የፊርማውን ምርመራ የሚያጠፉ ናቸው።

ሪፖዚተሪው ከምፈልገው ፕሮግራም ሌላ እንዳይነካ ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፤ ጥቂት ሰው ብቻ የሚጠቀምበት ምርጥ መከላከያም ይኸው ነው። በኢቲሲ፣ በአፕት ሥር «ፕሪፈረንስስ ነጥብ ዲ» የሚባል ፎልደር አለ። ውስጡ በሚጻፍ ፋይል የሪፖዚተሪዎችን ቅድሚያ በቁጥር መወሰን ይቻላል። 500 ተራው ነው። 100 የተጫነ ፓኬጅ ያለው ቅድሚያ ነው። 1000 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አፕት ወደ ኋላ ተመልሶ አሮጌ ስሪት ሁሉ ይጭናል፤ እጅዎን አያስገቡበት። ከዜሮ በታች ከሆነ ጨርሶ አይጫንም።

ለዶከር የሚጻፈው ሁለት አንቀጽ ነው፣ በመሃላቸው ባዶ መስመር። በመጀመሪያው «ፓኬጅ» የሚለው ላይ ኮከብ (*)፣ «ፒን» ላይ ኦሪጂን የሚል ቃልና የዶከር ሰርቨር ስም፣ «ፒን-ፕራዮሪቲ» ላይ -1። ከዚያ ሪፖዚተሪ የሚመጣ ማንኛውም ነገር ታገደ ማለት ነው። በሁለተኛው «ፓኬጅ» ላይ የሚፈልጓቸው ስሞች፣ ያው ኦሪጂን፣ ቅድሚያው 500። ስም የተጠራበት አንቀጽ ኮከብ ያለበትን ያሸንፋል።

ሲበላሽ የሚበላሸው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው። «ዶከር-ሲኢ» ብቻ ከጻፉ መጫኑ እምቢ ይላል፤ «ዶከር-ሲኢ-ሲኤልአይ»ንና «ኮንቴይነርዲ ነጥብ አይኦ»ን ይፈልጋልና፣ እነሱም መዘርዘር አለባቸው። ለፒፒኤ ደግሞ የሰርቨር ስም አይሠራም፤ ሁሉም ፒፒኤዎች በአንድ ሰርቨር ላይ ስለሚኖሩ አንዱን ሲያግዱ ሁሉንም ያግዳሉ። በእሱ ፋንታ «ሪሊዝ ኦ እኩል ይሆናል» ብለው «ኤልፒ-ፒፒኤ» ብሎ የሚጀምረውን ስሙን ይጻፉ፤ ስሙን «አፕት ፖሊሲ» ብቻ ሲሉ ከሚወጣው ዝርዝር ያገኙታል።

የፋይሉ ስም ቅጥያ የሌለው ወይም «ነጥብ ፕሬፍ» ብሎ የሚያልቅ ይሁን። «ነጥብ ቲኤክስቲ» ካሉት አፕት አያነበውም። ስለዚህ ጽፈው ሲጨርሱ «አፕት ፖሊሲ» ብለው የአንድ ፓኬጅ ስም ይስጡና ቁጥሩ መለወጡን በዓይንዎ ይዩ።

ሊነክስ ሚንት ነው የምጠቀመው። «የሪሊዝ ፋይል የለውም»፣ 404 ይለኛል።

መመሪያው የሲስተሙን መጠሪያ ስም በራሱ ፈልጎ የሚያስገባ ትእዛዝ ስላለው ነው። ሚንት የራሱን ስም ይመልሳል፤ ሚንት 22 ለምሳሌ ዊልማ ይላል። የሪፖዚተሪው ባለቤት ደግሞ የሚያውቀው የኡቡንቱን ስም ነው። ሚንት 21 በጃሚ፣ ሚንት 22 በኖብል ላይ የተሠራ ስለሆነ «ስዊትስ» ላይ እሱን ይተኩ። በኢቲሲ ውስጥ ያለው «ኦኤስ-ሪሊዝ» ፋይል «ኡቡንቱ ኮድኔም» በሚል መስመር ትክክለኛውን ይነግርዎታል።

ዴቢያን ላይ ከሆኑ የኡቡንቱ ፒፒኤ አይጨምሩ። አንዳንዴ ይሠራል፣ ችግሩም ያ ነው፤ ከሠራ በኋላ በሚቀጥለው ማሻሻያ የላይብረሪ ቁጥሮች ይጋጩና ሲስተሙ መሃል ላይ ይቀራል።

ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ በፍላሽ የተቀዳልኝን ዴብ ፋይል ብጭን ምን ይሆናል?

ከላይ እንዳልነው ዴብ ፋይል ለብቻው ፊርማ የለውም፤ ፊርማው ያለው ሪፖዚተሪው ላይ ነው። ስለዚህ ከፍላሽ ሲጭኑ አፕት ምንም አያረጋግጥም፣ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። የቀዳልዎ ልጅ ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግን ከየት እንዳመጣው አይታወቅም።

ሪፖዚተሪው ማሽንዎ ላይ ካለ ማጣራት ይቻላል። «ሻ256ሰም» ብለው የፋይሉን ቁጥር ያውጡ፤ «አፕት-ካሽ ሾው» ብለው የፓኬጁን ስም ሲሰጡ ከሚወጣው፣ ስሪቱ ያው ከሆነው፣ የሻ256 መስመር ጋር ያስተያዩ። ፋይሉ አንድ ከሆነ ቁጥሩም አንድ ነው። ካልሆነ አይጫን።

ኢንተርኔት በሌለው ማሽን ላይ በተደጋጋሚ የሚጭኑ ከሆነ «አፕት-ኦፍላይን» የሚባለውን ይጠቀሙ። ማሽኑ የሚፈልገውን ዝርዝር በፍላሽ ያወጣል፣ ኢንተርኔት ያለበት ኮምፒውተር ላይ ይወርዳል፣ ሲመለስ ፊርማው ተረጋግጦ ይገባል።

ላብ ውስጥ ብዙ ኮምፒውተር አለን። ሁሉም ሲያወርዱ የኢንተርኔት ጥቅሉ ያልቃል።

በአንዱ ማሽን ላይ «አፕት-ካሸር-ኤንጂ» ይጫኑ። አንዱ ያወረደውን ያስቀምጥና ለሌሎቹ ያድላል፤ የሚሠራው በፖርት 3142 ነው። በሌሎቹ ማሽኖች ላይ በ«አፕት ነጥብ ኮንፍ ነጥብ ዲ» ፎልደር ውስጥ የኤችቲቲፒ ፕሮክሲ አድርገው የዚያን ማሽን አድራሻ ይጻፉ። ደኅንነቱን አይቀንስም፤ እያንዳንዱ ማሽን ፊርማውን ለራሱ ያረጋግጣል፣ መሃል ላይ ያለው ማሽን ማከማቻ ብቻ ነው።

የውጭ ሪፖዚተሪዎች ግን አብዛኞቹ ኤችቲቲፒኤስ ስለሆኑ በዚህ ሲያልፉ 403 ይላሉ። ቀላሉ መፍትሔ የኤችቲቲፒኤስ ፕሮክሲውን «ዳይሬክት» ብሎ መጻፍ ነው። እነሱ በቀጥታ ይወርዳሉ፤ ትልቁ ሸክም፣ የኡቡንቱው፣ ከማከማቻው ይመጣል።

የውጭውም በራሱ ጊዜ ይሻሻላል አይደል?

አይሻሻልም። በራሱ ጊዜ የሚያሻሽለው ፕሮግራም፣ «አናተንድድ-አፕግሬድስ»፣ ሲጫን በተሰጠው ቅንብር የሚያየው የኡቡንቱን የደኅንነት ጥገናዎች ነው። የክሮም ፓኬጅ እርስዎ «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» ካላሉ ወይም ማሻሻያ ማሳያውን ካልከፈቱ ባለበት ይቆያል። ባንክ የሚገቡበት ብራውዘር ከሆነ በሳምንት አንዴ እንኳ ያድርጉት።

ሪፖዚተሪውን አጠፋሁት፣ ችግሩ ግን አልጠፋም። ለምን?

ፋይሉን መሰረዝ ወደፊት እንዳይመጣ ያደርጋል እንጂ የመጣውን አይመልስም። የተተካው ላይብረሪ እዚያው አለ፤ አሁን ደግሞ ጥገና የሚልክለት የለም። ለፒፒኤ «ፒፒኤ-ፐርጅ» የሚባል መሣሪያ አለ፤ ሪፖዚተሪውን አጥፍቶ ፓኬጆቹን ወደ ኡቡንቱ ስሪት ይመልሳል። ፒፒኤውን በእጅ ከማጥፋትዎ በፊት ነው መሮጥ ያለበት። ለሌሎቹ «አፕት ሊስት» ብለው በነጠላ ጥቅስ ውስጥ «የጥያቄ ምልክት ኦብሶሊት»ን ሲያስገቡ፣ የትም ሪፖዚተሪ ውስጥ የሌሉ የተጫኑ ፓኬጆች ይወጣሉ። አንድ በአንድ ያስወግዱ፣ ወይም የኡቡንቱውን ስሪት ቁጥር ጠቅሰው መልሰው ይጫኑ። የሚሰረዘውን ዝርዝር ሳያነቡ «የስ» አይበሉ፤ አንዳንዴ ዴስክቶፑን ጠቅልሎ ሊያወጣ ይጠይቃል።

ከ22.04 ወደ 24.04 ሲሸጋገሩም የማሻሻያው ፕሮግራም የውጭ ሪፖዚተሪዎችን ይዘጋል። ሲጨርስ ሁሉንም በጅምላ አይክፈቱ፤ ለኖብል የተዘጋጀ እንዳላቸው አይተው አንድ በአንድ ይክፈቱ። የረሱትም ካለ ምናልባት አያስፈልግዎትም ነበር።

ፍላትፓክ ወይም ስናፕ ይሻለኛል?

ሁለቱም ፕሮግራሞችን ከአፕት ውጪ የሚጭኑ መንገዶች ናቸው። ለዴስክቶፕ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ አዎ። ፍላትፓክ ሲጫን በሩት የሚሮጥ የሠሪው ስክሪፕት የለም፤ ሁለቱም የሲስተሙን ላይብረሪ አይተኩም። ዋጋው ዳታ ነው፤ የመጀመሪያው ፍላትፓክ መሠረቱን ጨምሮ በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል። የፍላትፓክ ፕሮግራሞች በሚገኙበት ገጽ፣ በፍላትሃብ፣ ላይ ሠሪው ራሱ ያረጋገጠው መሆኑን የሚያሳየውን ምልክት ይፈልጉ።

«የሳይንድ-ባይ እሴቶች ተጋጩ» ብሎ አፕት ጨርሶ አልሠራ አለ።

አንድ ሪፖዚተሪ ሁለት ቦታ ተጽፏል፣ በሁለት የተለያየ ቁልፍ። በተለይ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ላይ ይታያል፦ እርስዎ በእጅ «ነጥብ ሊስት» ፋይል ጽፈው ነበር፣ ፕሮግራሙ ደግሞ የራሱን «ነጥብ ሶርስስ» ጨመረ። በእጅ የጻፉትን ይሰርዙ።

«ቁልፉ ጊዜው አልፎበታል» ካለ ከባለቤቱ ገጽ አዲሱን አውርደው፣ 40ውን መለያ እንደገና አወዳድረው በቦታው ይተኩ። «የኦሪጂን እሴቱ ተለወጠ» ካለ ደግሞ ሪፖዚተሪው ስም ቀይሯል፤ ለምን እንደቀየረ ገጹ ላይ ሳያነቡ አይቀበሉ።

በሆቴል ወይም በካምፓስ ዋይፋይ ላይ ስሆን ብቻ የፊርማ ስሕተት ይመጣል።

ዋይፋዩ መጀመሪያ በብራውዘር እንዲገቡ ይፈልጋል፤ እስኪገቡ ድረስ ለአፕት በኢንሪሊዝ ፋይል ቦታ የመግቢያ ገጹን ይሰጠዋል። አፕትም «ኖስፕሊት» የሚል ቃል ያለበትን ስሕተት አውጥቶ ኔትወርኩ መግቢያ ይጠይቅ እንደሆነ ይጠይቅዎታል። ብራውዘር ከፍተው ይግቡና እንደገና «ሱዶ አፕት አፕዴት» ይበሉ። አሁንም ካለ በቫር፣ ሊብ፣ አፕት ሥር ያለውን «ሊስትስ» ባዶ አድርገው ይድገሙት፤ ዝርዝሮቹ እንደገና ስለሚወርዱ በአሥር የሚቆጠር ሜጋባይት እንደሚሄድ አስቀድመው ይወቁ።

«የሪሊዝ ፋይሉ ገና አልጸናም» ይለኛል። ምን ማለት ነው?

የኮምፒውተርዎ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ፋይሉ የተፈረመበት ሰዓት ለማሽኑ ገና ያልደረሰ ጊዜ ነው። ፊርማው ችግር የለበትም፤ ማጥፋትም አያስፈልግም።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ አንድ ሰው ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር መሙላቱ ነው፦ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ማሽኑ 08፡00 ማለት ሲገባው 02፡00 ተብሎ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ዓመቱንም በእኛ አቆጣጠር ከሞሉት 7 ወይም 8 ዓመት ይጎድላል፤ ያኔ ብራውዘሩም ድረ ገጾችን «ሰርተፊኬቱ ገና ነው» እያለ ይመልሳል። ሌላው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ የሚታይ ነው፦ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ አሮጌ ዓመት ከተመለሰ የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ አልቋል። ሲአር2032 የሚባለው፣ 3 ቮልት ነው። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው ይቀይሩት፤ የተጻፈበት ጎን ወደ ላይ።

ከዚያ «ታይምዴትሲቲኤል» ይበሉ። የሰዓት ቀጠናው አፍሪካ፣ አዲስ አበባ፣ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት ወደ ፊት መሆን አለበት፤ ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለው «ኤንቲፒ» የሚለውም የበራ። ዊንዶውስም ያለበት ማሽን ከሆነ ሁለቱ ሲስተሞች በ3 ሰዓት ሊለያዩ ይችላሉ፤ ዊንዶውስ የአካባቢውን ሰዓት፣ ሊነክስ ደግሞ ዓለም አቀፉን በማዘርቦርዱ ላይ ስለሚጽፉ ነው። «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» ሊነክሱን ከዊንዶውስ ጋር ያስማማዋል።